የማይዝገው ብረት ለምን ዛገ?

አስተያየት

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ ምግብ አዳራሹ ሰልፍ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓትና ስለ ማስተማር ልምምድ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ብየዳ ጋዝ ነው። «እኛ አስተማሪ ልንሆን ነው የመጣነው፣ በያጅ ልንሆን ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ በኋላ ፍረዱ። ነገሩ የሚጀምረው ከብረት ቢሆንም የሚያበቃው እኛው ዘንድ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ነው።

የተወለድኩት አቦቦ ነው። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የአልዌሮ ግድብ ያለባት አገር ናት። ያሳደገኝ አጎቴ ሲሆን እሱም በር፣ መስኮትና የጋሪ አካል እየበየደ ነው የሚተዳደረው። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠባበቅበት ክረምት አንድ ትምህርት ቤት ለልጆቹ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ከስቴንለስ ላሜራ እንዲሠራለት አዘዘው። አራት ቧንቧ የሚወጣለት፣ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ተሰልፈው የሚጠጡበት ዕቃ ነው። አጎቴ እስከዚያ ቀን ስቴንለስ በየዶ አያውቅም። ሆኖም አንድ ያገለገለ የሲኦቱ ማሽን፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማሽን ገዝቶ ነበርና የስቴንለሱን ሽቦ አስመጥቶ ሊጀምር ተዘጋጀ።

ከመጀመሩ በፊት ግን እኔን ጠራኝና «አንተ የተማርከው፣ ይሄ ጋዝ ለስቴንለስ ይሆናል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ እሳት የሚያጠፋ ጋዝ ነው። እሱ ራሱ አይቃጠልም፣ ሌላውንም አያቃጥልም። ምን ችግር አለው?» አልኩት። ይህችን መልስ በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ ያገኘሁባት ናት። አጎቴም አመነኝ።

ዕቃው ተሠራ፣ ተመረቀ። ዓመት ሳይሞላው ግን የብየዳው መስመር በሙሉ ቡናማ ሆነ። ላሜራው እንደ መስተዋት እያበራ መስመሩ ብቻ ዛገ። ቀጥሎም አንዱ ጥግ ማንጠብጠብ ጀመረ። ልጆቹ «ውሃው ሚስማር ሚስማር ይላል» እያሉ ቧንቧውን ትተው ወደ ወንዙ ውሃ ተመለሱ። የትምህርት ቤቱ ሰዎችም መጥተው «ፎርጅድ ብረት ሸጥክልን» አሉት። አጎቴ ብዙ ዓመት ያተረፈው ስም ባንድ ቀን ጠፋ። ገንዘቡን መለሰ፣ ወደኔም ዞሮ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ይሄ ዝምታው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ምክንያቱም ብረቱ ፎርጅድ አልነበረም። ፎርጅዱ የኔ መልስ ነበር።

እንዴት አወቅሁ? ወደዚህ ኢንስቲትዩት ከገባሁ በኋላ ባንድ የኬሚስትሪ ትምህርት ላይ መምህራችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ብልቃጥ አምጥተው የሚነድ እንጨት ከተቱበት፤ ወዲያው ጠፋ። «አያችሁ?» አሉን። ቀጥሎ የተለኮሰ የማግኒዥየም ጥብጣብ ከተቱበት። እንዴት ሊጠፋ! ዓይን እስኪያጭበረብር ድረስ ነደደ እንጂ። ሲያበቃ በብልቃጡ ውስጥ ነጭ ዱቄትና ጥቁር ነጥብ ነጥብ ታየ። «ጥቁሩ ካርቦን ነው። ብረቱ ከጋዙ ላይ ኦክስጅኑን ነጥቆ ካርቦኑን ጣለው» ብለው አስረዱን። ክፍሉ ሲያጨበጭብ እኔ አጎቴ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ ሙያ ያላቸውንም ሰዎች ጠየቅሁ። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስቴንለስ ለምን አይዝግም? ተራ ብረት ላይ ክሮሚየም የሚባለው ማዕድን ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ሲጨመርበት፣ ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማትታይ በጣም ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህች ሽፋን ናት ዝገትን የምትከለክለው። ብትጫር እንኳ ራሷን መልሳ ትጠግናለች። ቤት ስትሄዱ የማንኪያችሁን ወይም የድስታችሁን ሥር ገልብጣችሁ እዩ። 18/8 ወይም 18/10 የሚል ጽሑፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የክሮሚየሙ፣ ሁለተኛው የኒኬሉ መጠን በመቶ ሲታሰብ ነው። እንግዲህ የስቴንለስ ጌጡም ጋሻውም ክሮሚየሙ ነው ማለት ነው። ክሮሚየሙን ያጣ ስቴንለስ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ተራ ብረት ነው።

ብየዳ ደግሞ ብረቱን አቅልጦ ማጋጠም ነው። የቀለጠ ብረት አየር ካገኘው ይበላሻል። አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን ነውና ኦክስጅኑ ያቃጥለዋል፣ ናይትሮጅኑም ከልክ በላይ ሲገባ ብየዳውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። ስለዚህ ቀልጦ እስኪረጋ ድረስ መከደን አለበት። እናቶቻችን ምጣዱን በአክንባሎ እንደሚከድኑት ሁሉ በያጁም የቀለጠውን ብረት በጋዝ ይከድነዋል። የመከለያ ጋዝ የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ የተገኘ ጋዝ ሁሉ አክንባሎ ይሆናል? አይሆንም። የወተት ዕቃ የሚታጠነው በወይራ ነው። ጭስ ጭስ ነው ብሎ ባገኘው እንጨት ያጠነ ሰው ወተቱን ያጣዋል። ጋዝም እንደዚሁ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ጨዋ ነው። በብየዳው እሳት ውስጥ ግን፣ ሙቀቱ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ በሆነበት ቦታ፣ ይፈርስና ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን ይሆናል። ኦክስጅኑ ክሮሚየሙን ያቃጥላል። ካርቦኑ ደግሞ ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል። ለብየዳ የሚመረጠው ስቴንለስ በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤል» የሚል ፊደል ያለው ሲሆን ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ እንዳይበልጥ ተጠንቅቀው ነው ፋብሪካዎች የሚሠሩት። በዚያ ላይ ካርቦን ሲጨመርበት ብረቱ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በቆየ ጊዜ ካርቦኑ ክሮሚየሙን ይይዘዋል። የተያዘ ክሮሚየም ሽፋን አይሠራም። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ዕቃ መስመሩ ብቻ የዛገው በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ተጠንቅቆ ያወጣውን ካርቦን እኔና አጎቴ በቱቦ መልሰን አስገባነው።

ይህን ስል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ልረግመው አይደለም። እ.አ.አ. በ1953 የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት በዚህ ጋዝ መበየድ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ለተራ ብረት ርካሽና ጠንካራ ብየዳ ሆኖ ዓለምን አዳርሷል። ለበርና ለጋሪ ይሁን። ጥፋቱ ለዚያ የተመረጠውን ለዚህ ማድረግ ነው።

ለስቴንለስስ የትኛው ይመረጥ? እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። በምን ማሽን ነው የሚበየደው? ምን ዓይነት ስቴንለስ ነው? ውፍረቱስ ምን ያህል ነው?

በቲግ ማሽን ከሆነ፣ ማለትም ብዙዎቻችን «አርጎን ብየዳ» በምንለው ከሆነ፣ መልሱ ንጹሕ አርጎን ነው። አርጎን እ.አ.አ. በ1894 ሎርድ ሬይሊና ዊሊያም ራምዚ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት ከአየር ውስጥ ያገኙት ጋዝ ሲሆን ስሙ በግሪክኛ «ሰነፍ» ማለት ነው። ከማንም ጋር አይዋሃድም፣ አይነካም፣ አይነካካም። ሰነፍ ተማሪ ክፍል ውስጥ ባይወደድም ሰነፍ ጋዝ ግን ለብየዳ ወደር የለውም! ከ100 ሊትር አየር ውስጥ አርጎኑ አንድ ሊትር አይሞላም፤ ስለዚህ አየሩን አቀዝቅዞና አጣርቶ ማውጣቱ ዋጋ ያስከፍላል። ከአየር ስለሚከብድ ግን በብረቱ ላይ ረጋ ብሎ ይተኛል። ስስ ላሜራም ሆነ ቧንቧ፣ የትኛውም ዓይነት ስቴንለስ ቢሆን አርጎን ያስኬዳል።

ሥራው እንዲፈጥን የሚፈልጉ በአርጎኑ ላይ ከ2 እስከ 5 በመቶ ሃይድሮጅን ይጨምሩበታል። እሳቱ ይሞቃል፣ መስመሩም ይጠራል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው እንደ 18/8 ላለው ማግኔት እምብዛም ለማይስበው ስቴንለስ ብቻ ነው። ማግኔት አጥብቆ የሚስበው ዓይነት ሃይድሮጅን ከገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል። እንግዲህ ከሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች አንዲት ማግኔት ትልቅ ጥፋት ልታስቀር ትችላለች ማለት ነው። ወፍራም ብረት ሲሆን ደግሞ ሂሊየም ይቀላቀላል። እሱም ሙቀት ይጨምራል። ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ቀላል በመሆኑም ወደ ላይ ይበራል።

ሽቦው ራሱ እየቀለጠ በሚገባበት በሚግ ማሽን ሲሆን ነገሩ ይለያል። እዚያ ንጹሕ አርጎን ብቻውን እሳቱን ያቅበጠብጠዋል፣ መስመሩም ያብጣል። ስለዚህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ኦክስጅን፣ ወይም ከ2 እስከ 3 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል። «አሁን ስትረግመው አልነበር እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጨው ለወጥ በልኩ ነው። 2 በመቶው እሳቱን ያረጋዋል፣ 100 በመቶው ብረቱን ያበላሸዋል። ለተራ ብረት የሚሸጠው 20 ወይም 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ቅልቅልም ቢሆን ለስቴንለስ ሽቦ የበዛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ሻይ ቤት ውስጥ የተከራከረኝን ማንሣት ይገባኛል። «አንተ የምታወራው የአዲስ አበባ ወሬ ነው። አርጎን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ እዚህ ሲደርስ ማን ሊገዛው ነው? ድሃ አገር የተገኘውን ይጠቀማል» አለኝ። ክርክሩ እውነትነት አለው። እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ርካሹ ጋዝ ርካሽ አልሆነም። አጎቴ ላሜራውን፣ ሽቦውንና ገንዘቡን ካጣ በኋላ ሒሳቡ ሲሠራ የአርጎኑ ዋጋ ሳይሻል አይቀርም ነበር። የልጆቹ ሆድ ቁርጠት ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ አርጎን ከሌለ ያለ ሲሊንደር የሚሠራ መንገድ አለ። በተራው የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን ለስቴንለስ ተብሎ የተሠራ 308ኤል የሚባል ኤሌክትሮድ መጠቀም ይቻላል። ሽፋኑ ሲቃጠል የራሱን መከለያ ጋዝ ይሠራል፣ በላዩም ላይ ቅርፊት ያለብሰዋል። ቅርፊቱን አራግፎ ማጽዳት ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሆዱ ውስጥ ዱቄት ያለው የስቴንለስ ሽቦም አለ። ስለዚህ ጥያቄው ድሃ ነን ወይስ ሀብታም ነን አይደለም። ካለን ነገር መካከል ለይቶ የመምረጥ ጉዳይ ነው። ለይቶ ለመምረጥ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አጎቴ ያንን ኤሌክትሮድ ሱቅ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ያልጠየቀው እኔ «ምን ችግር አለው?» ስላልኩት ነው።

ጋዙ ተመረጠ ማለትም ሁሉ ነገር አለቀ ማለት እንዳልሆነ ልጨምር። የጋምቤላን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በያጁ ላቡ ሲወርድ ቬንቲሌተሩን ወደ ራሱ ያዞራል። ያን ጊዜ ንፋሱ ጋዙን ጠርጎ ይወስደዋል፣ አክንባሎው ተነሣ ማለት ነው። እንደዚሁም «ጋዙን ብለቀው ይሻላል» ብሎ መክፈቻውን እስከ ጥግ ማዞር አይጠቅምም። ጋዙ ሲጋልብ አየርን ይዞ ይገባል። ለቲግ በደቂቃ ከ8 እስከ 12 ሊትር በአብዛኛው ይበቃል። ቧንቧ ሲበየድም በውስጡ አርጎን ካልተሞላ የጀርባው መስመር እንደ ተቃጠለ ስኳር ጥቁርና ሻካራ ይሆናል፣ ውሃው የሚነካው ደግሞ ያ ነው። ከሁሉም በላይ ሕይወትን የሚነካ ነገር አለ። አርጎን ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ታንከር ውስጥ ገብቶ የሚበይድ ሰው አየር እንዲገባለት ካልተደረገና ውጭ የሚጠብቀው ሰው ከሌለው ሳያውቀው ታፍኖ ሊሞት ይችላል።

ሥራው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ የመስመሩን ቀለም ማየት ይጠቅማል። ብርማ ወይም እንደ ገለባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ መከለያው ሠርቷል። ሰማያዊ ሲሆን መጠራጠር፣ ግራጫና ጥቁር ሲሆን ደግሞ አየር ወይም የማይሆን ጋዝ ገብቷል ማለት ነው። የኛ ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስመሩ ጥቁር ነበር። «ሲታጠብ ይለቃል» ብለን በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው። ብሩሹም ተራ ብረት ሲፈተግበት የኖረ ስለነበር የዝገት ዘር ጨመረበት። ዓይናችን አይቷል፣ ግን ያየነውን የሚያነብልን ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። መጽሐፉ ውስጥ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያቃጥልም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ለሻማ እውነት ነው፣ ለቀለጠ ብረት አይደለም። እኔ ይህችን ግማሽ ተሸክሜ ከትምህርት ቤት ወጣሁ፣ ማርክም ተሰጠኝ፣ ከዚያም ሰው አጠፋሁባት። ነገ እያንዳንዳችን ሃምሳና ስልሳ ልጅ ፊት እንቆማለን። ከነዚያ ልጆች አንዳንዱ በያጅ፣ አንዳንዱ ጤና ረዳት፣ አንዳንዱ ገበሬ ይሆናል። አባቱም «አንተ የተማርከው» ብሎ ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ የሚመልሰው እኛ የሰጠነውን ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ የአንድን ነገር ጠባይ ባስተማርን ቁጥር «በምን ሁኔታ?» የሚለውን ጥያቄ እንጨምርበት። ፈተናም ስናወጣ «አያቃጥልም» ላለ ብቻ ሙሉ ማርክ አንስጥ።

2ኛ. የሻማውንና የማግኒዥየሙን ሙከራ ጎን ለጎን እናሳይ። ማግኒዥየም ባይገኝ እንኳ የበያጁ መስመር ያው በየከተማው አለ። ልጆችን ወስዶ ያለቀ ሥራ ማሳየት ይቻላል። እሳቱን በባዶ ዓይን እንዳያዩ ግን አደራ።

3ኛ. የኢንስቲትዩታችን ወርክሾፕ በወር አንድ ቀን የከተማውን በያጆች ቢጋብዝ መልካም ነው። እነሱ እጅ አላቸው፣ እኛ መጽሐፍ አለን። ሁለቱ ተለያይተው በመኖራቸው ነው የትምህርት ቤቱ ዕቃ የዛገው።

4ኛ. ይህ ለራሴ ነው። የማላውቀውን ስጠየቅ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርህ» ማለትን ተምሬአለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ባለፈው ዕረፍት አቦቦ ሄጄ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኩት። ማግኒዥየሙንም፣ ክሮሚየሙንም። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ አሁን በምን ልሥራው?» አለኝ። 308ኤል ኤሌክትሮድ ሁለት ፓኮ ይዤለት ሄጄ ነበር። ቬንቲሌተሩን ሳይጠየቅ ወደ ግድግዳው አዞረልኝና ቁራጭ ላሜራ ላይ ሞከርነው። ቅርፊቱ ሲራገፍ መስመሩ ነጣ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን በራሱ ወጪ ሊሠራላቸው ትምህርት ቤቱን አነጋገረ። ያምኑታል አያምኑትም ገና አልታወቀም።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ፣ በተለይ በሙያው ከኔ የተሻለ የሚያውቅ መምህርም ሆነ ሰልጣኝ ካለ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። ብታረም ይሻለኛል። ሳልታረም ያደረስኩትን ጥፋት አይቻለሁና።

ከአቦቦ የመጣ ሰልጣኝ